«ላለው ይጨመርለታል»
ሰንጋ ተራ፣ ከባንኮቹ ፎቆች ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች። ሲኒ እያለቀለቀች ስልኳ ጮኸ። አየችውና ሳቀች። በስልክ መበደር የምትችለው መጠን ነው የመጣላት፤ ካለፈው አንድ ሳንቲም አልጨመረም። አጠገቤ የተቀመጠው ከረባት ያሰረ ደንበኛዋ የራሱን አሳያት። ከእሷ አሥር እጥፍ ይሆናል።

«ምን ይደረጋል፣ ላለው ይጨመርለታል» አለችና ፍሙን አራገበች።

ይህን የማይል ሰው የለም። ሀብታም ሎተሪ ሲደርሰው ይባላል። ሁለት ቪላ ያለው ሦስተኛ ሲሠራም ይባላል። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ቅናት ነው።

ምንጩ ወንጌል ነው። ማቴዎስ 25፥29 ላይ ላለው ይሰጠዋል፣ ይበዛለትማል፤ ከሌለው ግን ያው ያለው እንኳ ይወሰድበታል ይላል። ሕዝቡ የፊተኛውን ግማሽ ይዞ አሳጠረው። የኋለኛው ሳይመርረው አልቀረም፣ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት ሜርተንም ከዚሁ ጥቅስ ተበድሯል። ዝነኛ ሳይንቲስት ለተመሳሳይ ሥራ ስም ከሌለው ባልደረባው የበለጠ ክብር ማግኘቱን «የማቴዎስ ውጤት» አለው።

ታሪኩን ግን ከመጀመሪያው እንየው። ጌታው ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ሲል ለአንዱ አገልጋይ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጠ። ዛሬ መክሊት ሲባል ተሰጥኦ ነው የሚመጣብን። ያኔ ገንዘብ ነበር፤ ያውም ከባድ ገንዘብ። አንዱ መክሊት ወደ 6000 ዲናር ነው፤ ዲናር ደግሞ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ። ያ «ምስኪን» ሦስተኛው አገልጋይ መሬት ቆፍሮ የቀበረው የ20 ዓመት ገደማ ደመወዝ ነው ማለት ነው! በታሪኩ ውስጥ ባዶ እጁን የጀመረ የለም። አባባሉ ይህችን ነገር መንገድ ላይ ጥሏት መጣ።

የስልክ ብድር ሰውየውን የሚመዝነው በሚያንቀሳቅሰው ብር ነው። ብዙ ለሚገባበትና ለሚወጣበት ብዙ ይፈቀዳል። ዋስ ጥራ የለ፣ የቤት ካርታ አምጣ የለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እሷን ድሮ ማን አበዳሪ ያናግራት ነበር? ግን ግማሹ ደንበኛዋ ጥሬ ብር ነው የሚከፍላት። ያንን ስልኩ አያውቀውም።

ከላይ ፎቁ ላይ ለውጭ አገር ደንበኛ ኮድ የሚጽፍም አለ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ሲወሰን፣ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ሰው ሥራ ሳይጨምር፣ በብር ሲመነዘር ገቢው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለእሷም ተጨመረላት፤ የስኳር ዋጋ።

ሁለተኛውን ሲኒ እየጠጣሁ የመክሊቱን ታሪክ ነገርኳት። ስለቀበረው አገልጋይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«እሱስ የሚቆፍርበት መሬት ነበረው፣ ጋሼ» አለችኝና የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ በጫማዋ ነካ ነካ አደረገችው።