የአሜሪካ ባለጡንቻ መኪኖች፦ ከክልከላ የተወለደ ጉልበት

አሜሪካኖች «መስል ካር» ይሉታል፤ እኛ ባለጡንቻ መኪና ብንለው ያስኬዳል። ለቤተሰብ ታስቦ በተሠራ መካከለኛ ባለሁለት በር መኪና ውስጥ፣ ለትልቁ መኪና የተሠራውን ስምንት ሲሊንደር ሞተር በመግጠም የተገኘ ነው። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል፤ ዋጋውም ወጣት ሠራተኛ በወር በወር ከፍሎ ሊጨርሰው የሚችለው ነበር። ፍሬኑና መሪው ግን ያው የቤተሰብ መኪና ሆነው ቀሩ። ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንደ ጥይት ይወነጨፋል፤ ኩርባ ሲመጣ ደግሞ ነጂው ስመ እግዚአብሔር ይጠራል። ታሪኩን ስናገላብጥ የምንስቀው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ከእነዚህ መኪኖች ዝነኛ የሆኑት ሁሉ ማለት ይቻላል የተሠሩት አንድ ክልከላን ለማለፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥሩ ወደ 1949 ይወስደናል፤ በዚያ ዓመት ኦልድስሞቢል 135 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሮኬት 88 ለገበያ አቀረበ። በ1955 ክራይስለር ሲ-300 ሦስት መቶ ሞላ። ፉክክሩ ሲጋጋል የመኪና አምራቾች ማኅበር በ1957 አባላቱ ከእሽቅድምድም እንዲርቁ ወሰነ። ሁሉም እጁን አወጣ፤ ብዙዎቹም በጓሮ በር ሥራቸውን ቀጠሉ።

እውነተኛው ልደት የመጣው ከሁለተኛው ክልከላ ነው። በ1963 መጀመሪያ ላይ ጄኔራል ሞተርስ ክፍሎቹን በሙሉ ከእሽቅድምድም አገደ፤ በመካከለኛ መኪና ላይም ከ5.4 ሊትር የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም የሚል መመሪያ ነበረው። የፖንቲያክ ክፍል መሐንዲሶች የነበሩት ጆን ዴሎሪያን፣ ቢል ኮሊንስና ራስ ጊ መመሪያውን በጥንቃቄ አነበቡት። የሚከለክለው አዲስ ሞዴልን ነው፤ ደንበኛ በምርጫው ስለሚያስጨምረው ዕቃ ምንም አይልም። ስለዚህ 6.4 ሊትሩን ሞተር ቴምፐስት ለማንስ በሚባለው መካከለኛ መኪናቸው ላይ እንደ ተጨማሪ ዕቃ በ295 ዶላር አቀረቡት። በወረቀት ላይ ከሬዲዮና ከመቀመጫ ልባስ ጋር የሚመደብ ነገር ነበር! በአለቆች በኩል የተፈቀደው 5,000 መኪና ብቻ ሲሆን በ1964 ሞዴል ዓመት የተሸጠው 32,450 ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለ መመሪያው የተናገረ ሰው አልነበረም።

የመኪናው ስም «ጂቲኦ» ነው፤ በቀጥታ ከፌራሪ የተወሰደ። ጣሊያኖቹ በዚህ ስም የሚሉት መኪናው ለእሽቅድምድም ደንቡን አሟልቶ መጽደቁን ነው፤ የፖንቲያኩ ግን ለምንም አልጸደቀም። የፌራሪ ወዳጆች በጣም ተቆጡ። በዚያው ዓመት አንድ የመኪና መጽሔት ሁለቱን ጂቲኦዎች አወዳድሬአለሁ ብሎ በሽፋኑ ላይ ጎን ለጎን አወጣቸው። ሽፋኑ የተሣለ ሥዕል ነበር፤ ፌራሪው ለፈተናው ጨርሶ አልተገኘም። ለመጽሔቱ የተሰጠው ፖንቲያክም ከሕዝቡ መኪና የሚበልጥ 6.9 ሊትር ሞተር በሆዱ ይዞ እንደነበር የፖንቲያክ የማስታወቂያ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ተናገረ።

በሚያዝያ 17 ቀን 1964 ፎርድ ሙስታንግን በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ አሳየ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22,000 ትእዛዝ ገባ። የፕሊመዝ ባራኩዳ ሁለት ሳምንት ቀድሞት ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ ያንን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። ሼቭሮሌት በ1966 መልሱን ይዞ ሲመጣ ጋዜጠኞች «ካማሮ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሙስታንግ የሚበላ ትንሽ ክፉ አውሬ ነው ተባሉ።

ለእኔ ከሁሉ የሚወደደው የ1968ቱ ፕሊመዝ ሮድ ራነር ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ ከ3,000 ዶላር በታች የሚሸጥ፣ ድራግ በሚባለው የቀጥታ መንገድ ውድድር የሚሮጠውን 402 ሜትር ሲጨርስ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መኪና። ለዚህ ሲባል የሚቀነሰው ሁሉ ተቀነሰ፤ ወለሉ ምንጣፍ አልነበረውም፣ ጎማ ተነጠፈበት፤ የፊት መቀመጫው እንደ አግዳሚ ወንበር ወጥ ነው። በዚህ ሁሉ ቁጠባ መካከል ግን ኩባንያው ለዋርነር ብራዘርስ 50,000 ዶላር ከፈለ፤ በካርቱን ውስጥ ከተኩላው የምታመልጠውን ወፍ ስምና ሥዕል ለመጠቀም። ክላክሱም የወፊቱን ድምፅ እንዲያወጣ ተደረገ። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሐምራዊ ቀለም የተቀባ ክላክስ ታያላችሁ፤ ላዩ ላይ የሮድ ራነር ድምፅ ይህ ነው የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። 335 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና መንገድ ልቀቁልኝ ሲል «ቢፕ ቢፕ!» ይላል። ይሸጣል ተብሎ የታሰበው 20,000 ያህል ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 45,000 ተሸጠ።

በዚህ ጊዜ የመድን ኩባንያዎች ነቁ። የፈረስ ጉልበቱን እያዩ በወጣቶች ላይ ክፍያ ሲያንሩ፣ ፋብሪካዎቹ ጉልበቱን ዝቅ አድርገው ይጽፉ ጀመር፤ ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ ማለት ይህ ነው። ለሼቭሮሌቱ የስፖርት መኪና ለኮርቬት የተሠራው ኤል 88 ሞተር 430 ተብሎ ተመዘገበ፤ ትክክለኛው ከ500 በላይ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ከእሱ በታች ያለው ሞተር 435 ስለሚል ያልገባው ገዢ ያንኛውን ይመርጣል። ይህ ሞተር የተገጠመበት መኪና ከተማ ውስጥ እንዳይነዳ ሲባል ሬዲዮና ማሞቂያም ተነፍጎ ነበር።

የኢሊኖዩ መኪና ነጋዴ ፍሬድ ጊብ ታሪክ ደግሞ ያሳዝናልም ያስቃልም። ጄኔራል ሞተርስ ለፖሊስና ለታክሲ ድርጅቶች ልዩ ትእዛዝ የሚቀበልበት መንገድ ነበረው። ጊብ በላ ሃርፕ ከተማ ተቀምጦ በዚያ መንገድ ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ 7 ሊትር ሞተር ያላቸው ሃምሳ ካማሮዎች አዘዘ። መኪኖቹ መጡ፤ የዋጋ ወረቀቱም አብሮ መጣ። ሞተሩ ብቻ ከ4,000 ዶላር በላይ፣ መኪናው ከ7,000 በላይ! በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ደረሰበት። በዚያች ትንሽ ከተማ ሊሸጡ ስላልቻሉ ፋብሪካው አብዛኞቹን መልሶ ተረከበ። ይህ የ1969ኙ ካማሮ፣ ዜድ ኤል 1 የሚባለው፣ በጠቅላላ 69 ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ አንዱ ቢገኝ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል።

ክንፍ ያላቸው መኪኖች የመጡት ናስካር በሚባለው የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ማኅበር ደንብ ምክንያት ነው። ደንቡ የሚወዳደረው መኪና ለሕዝብም የሚሸጥ መሆን አለበት ይላል። ዶጅ በ1969 ቻርጀር ዴይቶናን፣ ፕሊመዝ በ1970 ሱፐርበርድን ሠሩ። አፍንጫቸው እንደ ጦር ሾሎ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ከኋላ ደግሞ ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ክንፍ ቆሟል። የእሽቅድምድም ነጂው ባዲ ቤከር በመጋቢት 24 ቀን 1970 በታላዴጋ መም ላይ በዴይቶና ከ322 ኪሎ ሜትር በሰዓት አለፈ። በሱቅ በኩል ግን ሕዝቡ መኪናውን እያየ ይስቅና ሳይገዛ ይሄድ ነበር። አንዳንድ ነጋዴዎች ተስፋ ቆርጠው አፍንጫውንና ክንፉን ነቃቅለው ተራ ሮድ ራነር አድርገው ሸጡት። ናስካር በ1971 ክንፍ ላላቸው መኪኖች ሞተር 5 ሊትር ብቻ ሲፈቅድ ዘመናቸው አበቃ።

ከዚያ ክልከላው በየአቅጣጫው ወረደ። የ1970ው የአየር ንጽሕና ሕግ መጣ፤ በ1972 የፈረስ ጉልበት አለካኩ ተለውጦ ቁጥሩ በወረቀትም አሽቆለቆለ፤ በጥቅምት 1973 ዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ። ይህ የነዳጅ ዋጋ ንረት የኛንም ደጅ አንኳኳ፤ በኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ቤንዚን ተወደደ ብለው ሥራ አቆሙ፣ ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። በአሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ በዲትሮይት በኩል የ1974 ሙስታንግ በስምንት ሲሊንደር ጨርሶ አይገኝም ነበር። በ1975 የኮርቬት መደበኛ ሞተር 165 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቀረለት።

ቀዳዳው ግን ተገኘ። ከባድ የጭነት መኪና የአየር ብክለት ደንቡ በሙሉ አይመለከተውም ነበር። ዶጅ በ1978 ደማቅ ቀይ ፒክአፕ ሠራ፤ በጭነት ሳጥኑ ላይ እንጨት ለጠፈበት፤ ማርሚታውንም እንደ ከባድ መኪና ከጋቢናው ኋላ በግራና በቀኝ ወደ ሰማይ አቆመው። አንድ መጽሔት ያገሩን አዲስ መኪኖች በፍጥነት ሲለካ 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ቀድሞ የደረሰው ይህ ፒክአፕ ሆነ። ኮርቬት ያላቸው ሰዎች በዚያ ሳምንት ምን እንደተሰማቸው ማሰብ አያዳግትም።

በ1987 ቢውክ ጂኤንኤክስ የሚባል ጥቁር መኪና በ547 ቅጂ ብቻ ሠርቶ፣ ቱርቦ በገጠመው ስድስት ሲሊንደር ብዙ ባለስምንቶችን አሳፈረ። በ1992 የመጣው ዶጅ ቫይፐር የውጭ የበር እጀታ አልነበረውም፤ ማርሚታው በበሩ ሥር ስለሚያልፍ ሳይጠነቀቅ የሚወርድ ሰው ባቱን ይጠበሳል።

የዚህ ልማድ ጥርት ያለ ውጤት የ2018ቱ ዶጅ ዴመን ነው። ለእሽቅድምድም በተሠራ ቤንዚን 840 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ሲነሣ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ። ክብደት ለመቀነስ ከነጂው በቀር መቀመጫ የለውም፤ የፊት ተሳፋሪውን መቀመጫ የፈለገ አንድ ዶላር ይጨምራል፣ የኋላውንም እንዲሁ። 402 ሜትሩን በ9.65 ሰከንድ ስለሚጨርስ የአሜሪካ ድራግ ውድድር ማኅበር የብረት መከላከያ ሳይገጠምለት አይወዳደርም ብሎ አገደው። ዶጅ የእገዳውን ደብዳቤ ደስ ብሎት ለማስታወቂያ ተጠቀመበት።

ስምንት ሲሊንደር የነበራቸው ቻርጀርና ቻሌንጀር በካናዳው ብራምፕተን ፋብሪካ በታኅሣሥ 2023 መሠራታቸው ቆመ። ቀጥሎ የመጣው ቻርጀር ዴይቶና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ሞተሩ ድምፅ የለውም። መሐንዲሶቹ ከመኪናው ኋላ የድምፅ ማጉያና የድምፅ ማስተጋቢያ ክፍል ገጠሙበት፤ ኩባንያው በ2022 ሲያሳየው 126 ዴሲቤል ያሰማል፣ ከቤንዚን ሞተሩ እኩል ነው ብሎ ነበር።