ኢላስቲክሰርች ላይ የስክሪፕት ቋንቋ መጨመር

ኢላስቲክሰርች የፍለጋ ሞተር ነው። ሻይ ባኖን እ.ኤ.አ. በ2010 ለቀቀው፤ ከሥሩ የሚሠራው ሉሲን የተባለው የጃቫ ላይብረሪ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ማሽን ብቻ አይሠራም። በርካታ ሰርቨሮች ክላስተር ሆነው ዳታውን ይካፈሉታል። ሰርቨሩ ኖድ፣ የዳታው ቁራሽ ደግሞ ሻርድ ይባላል።

ለተራ ፍለጋ ስክሪፕት (አጭር የፕሮግራም ኮድ) አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥያቄው ወጣ ያለ ሲሆን ነው። የዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ አላችሁ እንበል። «ጫማ» ብሎ ለፈለገ ሰው፣ ቅናሽ ያለውና ቶሎ ቶሎ የሚሸጠው ከላይ እንዲወጣለት ትፈልጋላችሁ። ስሌቱን በሁለት መስመር ስክሪፕት ጽፋችሁ ከጥያቄው ጋር ትልካላችሁ። ሞተሩ ስክሪፕቱን በተገኘው በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ያስኬደዋል። ግማሽ ሚሊዮን ጫማ ከተገኘ፣ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ!

(በአማርኛ ፍለጋ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ እንዲሆኑ ስክሪፕት ለመጻፍ የሚነሳ አይጠፋም። እሱ የስክሪፕት ሥራ አይደለም። ፊደሎቹን ገና ሰነዱ ሲገባ አንድ ማድረግ ይቀላል።)

ታዲያ በምን ቋንቋ ይጻፍ? መጀመሪያ ላይ ዲፎልቱ (ሳይመርጡ የሚገኘው) ኤምቬል የተባለ ቋንቋ ነበር። ጃቫስክሪፕት ወይም ፓይተን የፈለገ ፕላጊን (ሞተሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ክፍል) ይጨምር ነበር። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ስክሪፕት መላክ ማለት በሰው ሰርቨር ላይ ኮድ ማስኬድ ማለት ነው። ሞተሩ ጥያቄ የሚቀበልበት 9200 የተባለው ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ፣ ማንም መንገደኛ የፈለገውን ያስኬድ ነበር። በ2014 የሆነውም ይኸው ነው፤ ክፍት የተተዉ ሰርቨሮች ተጠልፈው ሌላውን ማጥቂያ ሆኑ። ስሪት 1.2 ከጥያቄ ጋር የሚላክ ስክሪፕትን በዲፎልት ዘጋ። ቀጥሎ ግሩቪ የተባለው ቋንቋ ከነአጥሩ (ስክሪፕቱ ከተፈቀደለት እንዳይወጣ ከሚከለክለው ጋር) መጣ። አጥሩም ብዙ አልቆየም፤ በ2015 መጀመሪያ ተሰበረና እሱም ተዘጋ።

በ2016 ከስሪት 5 ጋር የመጣው ፔይንለስ የተሠራው ለዚሁ ሞተር ብቻ ነው። ስሙ «ሕመም አልባ» ማለት ነው፤ ያለፈውን ላየ ሰው ስያሜው ይገባዋል። ክፉውን እየለየ አይከለክልም፤ የተፈቀደውን ብቻ ዘርዝሮ ሌላውን አያውቅም። ማብቂያ የሌለው ሉፕ (ድግግሞሽ) ብትጽፉም አንድ ሚሊዮን ዙር ላይ ይቆርጠዋል። በስሪት 6 ግሩቪ፣ ጃቫስክሪፕትና ፓይተን ጨርሰው ወጡ።

ዛሬም የራስን ቋንቋ ወይም ስሌት በፕላጊን ማስገባት ይቻላል። ፕላጊኑ በጃቫ ይጻፋል፤ «የዚህ ቋንቋ ስክሪፕት ሲመጣ እኔን ጥሩ» ብሎ ይመዘገባል። መጫኑ አንድ ትእዛዝ ነው። ግን ትእዛዙ የሚጭነው በአንድ ኖድ ላይ ብቻ ነው። በሁሉም ላይ መድገም፣ ከዚያም እያንዳንዱን ሪስታርት ማድረግ ግድ ነው። ሥራ ላይ ያለ ክላስተር ከሆነ አንድ በአንድ ነው። መጀመሪያ የሻርድ ዝውውሩን ታቆማላችሁ፤ አለበለዚያ ክላስተሩ «ኖዱ ሞተ» ብሎ ዳታ ማጓጓዝ ይጀምራል። ኖዱ ሲመለስ ዝውውሩን ከፍታችሁ፣ የክላስተሩ ሁኔታ አረንጓዴ (ሁሉም ሻርድ በቦታው) እስኪሆን ጠብቃችሁ ወደሚቀጥለው።

እኔ አንዴ ከሦስት ኖድ ሁለቱ ላይ ጭኜ ሦስተኛውን ረሳሁት። ክላስተሩ አረንጓዴ፣ መልሱም 200 (ተሳክቷል ማለት ነው)። ሁሉ ሰላም! ግን ከዕቃው ሲሶው ፍለጋው ላይ የለም። ሻርዶቹ ቅጂ ስላልነበራቸው፣ ሦስተኛው ኖድ ላይ ያሉት ቋንቋውን አናውቅም ብለው ወደቁ፤ ሞተሩ ደግሞ ያገኘውን ብቻ መለሰ። መልሱ ውስጥ ስንት ሻርድ እንደወደቀ የሚናገር ቁጥር አለ። ያን ቀን ነው ማንበብ የጀመርኩት።

ሌላው፣ ቁጥርን ስክሪፕቱ ውስጥ አትጻፉ። ቅናሹ 10 ሲሆን አንድ ስክሪፕት፣ 15 ሲሆን ሌላ ከሆነ፣ ሞተሩ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ያጠናቅረዋል (ማሽኑ ወደሚያስኬደው ኮድ ይቀይረዋል)። ለዚህም ገደብ አለው፤ በስሪት 6 ዲፎልቱ በ5 ደቂቃ 75 ነበር። ቁጥሩን በፓራሜትር (ከስክሪፕቱ ውጭ ለብቻው) ስትልኩ ግን ስክሪፕቱ አንዴ ተጠናቅሮ ይቀመጣል።

ፕላጊኑ የተሠራበት ስሪት ከሞተሩ ስሪት ጋር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ መግጠም አለበት። ካልገጠመ ኖዱ አይነሳም። ስለዚህ ኢላስቲክሰርች በታደሰ ቁጥር የራሳችሁን ፕላጊንም እንደገና መሥራት አለባችሁ።