ንጉሥ አሳ እና የእኛ «ሰው አለኝ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባሕር ዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ባጃጁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ሲያልፍ ሹፌሩም ተሳፋሪውም እኩል ያማትባል። «ጊዮርጊስ ድረስልኝ» እንላለን፣ ከልባችን ነው። ትንሽ አለፍ እንዳልን ደግሞ ስልኩ ይወጣል፦ «ስማ፣ እዚያ ቢሮ ሰው አለህ እንዴ?» «አለኝ» ካለን ትከሻችን ቀለል ይላል። በሩ ላይ ካማተብነው ይልቅ ይሄኛው አሳረፈን ማለት ነው።

በዚህ ነገር ከይሁዳው ንጉሥ ከአሳ የበለጠ የሚያስተምረኝ የለም። ታሪኩ በሁለተኛ ዜና መዋዕል ከምዕራፍ 14 እስከ 16 አለ። ኢትዮጵያዊው ዝሪ አንድ ሚሊዮን ሰውና 300 ሰረገላ ይዞ መጣበት። (አዎ፣ በዚህ ታሪክ የተሸነፈው የእኛው ወገን ነው፤ እያነበብን እናልፈዋለን።) የአሳ ሠራዊት 580,000 ነበር። አሳ ግን ሰልፉን አሰልፎ በሠራዊቱ አልተማመነም፤ በብዙም ሆነ በጥቂት ማዳን ለአንተ አይሳንህም፣ በአንተ ታምነናልና እርዳን ብሎ ጮኸ። እግዚአብሔርም ድል ሰጠው።

ከዓመታት በኋላ የእስራኤል ንጉሥ ባኦስ ራማን እየሠራ መንገድ ዘጋበት። ከዝሪ ጦር ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነገር ነበር። አሁን ግን አሳ የደላው ንጉሥ ነው፤ ግምጃ ቤቱ ሞልቷል። ከእግዚአብሔር ቤት ሳይቀር ብርና ወርቅ አውጥቶ በደማስቆ ለተቀመጠው ለሶርያ ንጉሥ ለወልደ አዴር ላከ። በእኛ ቋንቋ፣ ሰው ነበረው።

ልብ በሉ፣ ነገሩ ተሳካለት! ወልደ አዴር የእስራኤልን ከተሞች መታ፣ ባኦስ ሥራውን ጥሎ ሄደ፣ አሳም የራማን ድንጋይና እንጨት አስግዞ ጌባንና ምጽጳን ሠራበት። በሰው መታመን ሁልጊዜ ቢከሽፍ ኖሮ ማን ይታመን ነበር? የሚከፋው ሲሳካ ነው። «ለሻይ» ብለን ሰጥተን ፋይላችን ቶሎ ሲወጣ «ተመስገን» እንላለን፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ጸሎቱን ትተን በቀጥታ ወደ ሻዩ ነው የምንሄደው።

ነቢዩ አናኒ መጥቶ ገሠጸው። የእግዚአብሔር ዓይኖች ልባቸው ፍጹም የሆነውን ሊያጸኑ በምድር ሁሉ ይመለከታሉ፣ አንተ ግን ስንፍና አደረግህ አለው። አሳ ተቆጣ፤ ነቢዩን አሰረው፤ ያን ጊዜ ከሕዝቡም አንዳንዶቹን አስጨነቀ። በሰው የተደገፈ ሰው ሰው ላይ ይከብዳል፤ ይሄ የእኔ ንባብ ነው፣ ግን በዙሪያችን ያለውን እዩት።

በ39ኛው ዓመተ መንግሥቱ እግሩን ታመመ። ያን ጊዜም ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም። እዚህ ላይ ተጠንቅቀን እናንብብ። ሐኪም ቤት አትሂዱ የሚል ትምህርት የለንም፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምንም እግዚአብሔር ፈጠረው፣ አክብረው ይላል። ከወደቡ ወደ ዘጌ ምእመናንን የሚያሻግረው ጀልባ ነጂም ነፋሱን ያያል፣ ነዳጁን ያረጋግጣል፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ እንደሚበረታ ስለሚያውቅ በጠዋት ይነሣል። ከዚያ አማትቦ ሞተሩን ይቀሰቅሳል። ይህ አለማመን አይደለም። የአሳ ጥፋት ሐኪም መጥራቱ ሳይሆን እግዚአብሔርን ጨርሶ መተዉ ነው።

ታዲያ በማን እንደታመንን በምን እናውቃለን? ያ «አለኝ» ያልነው ሰው ስልክ ሳያነሣ ሲቀር። ሆዳችን ባር ባር ካለ፣ እንቅልፍ ካጣን፣ በልባችን ዙፋን ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጉዳይ ያለባችሁ፣ ከመደወላችሁ በፊት የአሳን የመጀመሪያ ጸሎት ከምዕራፍ 14 ቁጥር 11 አውጥታችሁ ጸልዩ። ከዚያ ወረቀታችሁን አሟልታችሁ ሂዱ፣ ወረፋችሁን ያዙ። ሰው ማማከርም ነውር የለውም። ያለ ሻይ አያልቅም ካሏችሁ ግን ይዘግይ፤ ቀጠሮ ተቀበሉና በቀኑ ተመለሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።