የጫማው ትርፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው እሑድ አንድ ስብከት ሰማሁ። ሰባኪው «በእግዚአብሔር ያመነ ሕዝብ ይበለጽጋል፤ የደኸየ እምነቱን ይመርምር» አለ። ሕዝቡም አሜን አለ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ግን አንገታቸውን ደፉ። የሰው ልብስ አጥበው የሚያድሩ ናቸው። ያን አንገት ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሃይማኖትና የኢኮኖሚ ዕድገት አይገናኙም ለማለት አይደለም። ምሁራን ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ቆይተዋል። ጀርመናዊው ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ባወጣው ጽሑፍ የካፒታሊዝምን መንፈስ ከፕሮቴስታንቶች የሥራ ሥነ ምግባር ጋር አያያዘው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሳሻ ቤከርና ሉድገር ቬስማን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የ19ኛውን መቶ ዘመን የፕሩሲያ (የቀድሞ የጀርመን መንግሥት) መዝገብ አገላብጠው ሌላ ምክንያት አቀረቡ። የፕሮቴስታንቶች ፋና ወጊ ማርቲን ሉተር ሰው ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ እንዲያነብ ፈለገ፤ ትምህርት ተስፋፋ፤ በፕሮቴስታንቶችና በካቶሊኮች መካከል የነበረውን የኑሮ ልዩነት በአብዛኛው ያመጣው ይኸው ማንበብ ነው አሉ። እንግዲህ ሰዎቹ ፊደል የቆጠሩት ቃሉን ፈልገው ነው። ገንዘቡ ሳይጠሩት መጣ። እኛ ገንዘቡን ስንጠራ መጽሐፉ አቧራ ጠጣ።

ሰባኪው የጠቀሰው ዘዳግም 8፥18ን ነበር። እኔም የምወደው ቃል ነው። «እርሱ ሀብት ለማከማቸት ጉልበት ሰጥቶሃልና አምላክህን እግዚአብሔርን አስብ» ይላል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሀብት ሰጥቶሃልና አላለም፤ ጉልበት ነው ያለው። ጉልበት ደግሞ ካልሠሩበት ምን ይፈይዳል? የሰንበትን ትእዛዝ ስንጠቅስ የምንዘላት ቃልም እዚያው ዘጸአት 20 ላይ አለች፤ «ስድስት ቀን ሥራ» ትላለች። ድንኳን እየሰፋ የኖረው ቅዱስ ጳውሎስም «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብሏል። የማይወድ ነው ያለው፤ ሥራ ያጣ አላለም። ይህን ጥቅስ በድሃ ላይ የምትወረውሩ እባካችሁ እረፉ።

ስለ ሥራና ስለ ትርፍ ሳስብ አባ ጳኩሚስ ትዝ ይለኛል። በ4ኛው መቶ ዘመን በላይኛው ግብፅ የመነኮሳትን የአንድነት ኑሮ የመሠረተው አባት ነው። በገዳማቱ ጸሎትና ሙያ አብረው ነበር የሚኖሩት። የመነኮሳትን ታሪክ የጻፈው ጳላድዮስ በግብፅ አክሚም ከተማ ስለነበረው ገዳም ሲጽፍ 15 ልብስ ሰፊ፣ 7 ብረት ቀጥቃጭ፣ 4 አናጺ፣ 12 ግመል ነጂና 15 ልብስ አጣቢ ይቆጥራል። (አጣቢዎቹን ልብ በሉልኝ።) ከሥራቸው የሚተርፈው ለሴቶች ገዳማትና ለእስረኞች ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን የገዳሙን ዕቃ ገበያ የሚያወጣው መነኩሴ ነጠላ ጫማዎች ተሰጡት። ሰፊው ወንድም ዋጋቸውን ነገረው። ገበያ ሲደርስ ገዢዎቹ «የተሰረቀ ካልሆነ በዚህ ዋጋ አይሸጥም» አሉት። አፈረ። የሰጡትን ተቀብሎ ሦስት እጥፍ ገንዘብ ይዞ ገባ። ማንንም አልዋሸም፤ ማንንም አላስገደደም። ዛሬ ቢሆን «እግዚአብሔር ባረከኝ» ብሎ ምስክርነት ይሰጥበት ነበር። አባ ጳኩሚስ ግን ትርፉን ለገዢዎቹ እንዲመልስ አደረገው፤ ንስሐም ሰጠው፤ ከገበያ ሥራውም አነሣው።

በረሃብ ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ስንዴ ሊገዛ የተላከው መነኩሴ ከአንድ ሹም የመንግሥት ስንዴ እጅግ በረከሰ ዋጋ አገኘ፤ ከያዘው ገንዘብ በላይም በዱቤ ጫነ። አባ ጳኩሚስ ከዚያ ስንዴ አንዲት ፍሬ ወደ ገዳሙ እንዳትገባ ከለከለ። መነኮሳቱ እየተራቡ!

እኛስ? ከቅዳሴ ወጥተን ሚዛን እንሰርቃለን። የሠራተኛ ደመወዝ ይዘን ስእለት እናስገባለን። ቅዱስ ያዕቆብ ያ ደመወዝ ይጮኻል ይላል፤ የሚጮኸውም የጌታ ጆሮ እስኪሰማው ነው። ከዚያ ደግሞ «ለምን አናድግም?» እንላለን። እንዴት እናድግ? ሰው በሚዛንህ ካላመነ ሁለቴ ይመዝናል። በቃልህ ካላመነ ብድሩን በመያዣ ያጥራል። የተማመኑ ሰዎች በአንድ ቃል የሚጨርሱትን እኛ በአሥር ፊርማ አንጨርሰውም። ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ወጪ ነው። ምሳሌ 11፥1 «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ሲል እኛ የነፍስ ጉዳይ ብቻ አደረግነው።

የገዳማቱ ታሪክ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። አባ ጳኩሚስ ካረፈ በኋላ ገዳማቱ እርሻ፣ ከብትና ጀልባ አበዙ። ሠርተው በሐቅ አደጉ። ያን ጊዜ ደቀ መዝሙሩ ቴዎድሮስ ሌሊት ወደ ተራራው፣ ወንድሞች ወደ ተቀበሩበት እየሄደ ያለቅስ ጀመር። የሀብቱ ብዛት ነፍሳቸውን እንዳያጠፋ ፈርቶ ነው። ዘዳግም 8ም ከበላህና ከጠገብህ በኋላ ልብህ እንዳይኮራ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሰባኪው ከቁጥር 18 በፊት ያለውን ይህን ቃል ዘሎታል፤ ምናልባት ሰዓት አጥሮት ይሆናል።

እናቴ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ጌታ በራእይ ለሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት መልእክት ልኳል። የሰምርኔስን «ድህነትህን አውቃለሁ፥ ነገር ግን ባለ ጠጋ ነህ» አላት፤ አንዲት የወቀሳ ቃል አልጨመረባትም። «ባለ ጠጋ ሆኜአለሁ» ያለችውን ሎዶቅያን ግን ከአፌ ልተፋሽ ነው አላት። እምነትሽን መርምሪ የተባለችው የትኛዋ ናት? እሑድ እዚያው ቦታችን ላይ እጠብቅዎታለሁ። መጽሐፉን እይዛለሁ፤ ምዕራፍ 2ን አብረን እናነባለን።