«የሆላንድ በሽታ» ሐኪም ቤት አያስኬድም
ስሙ ወረርሽኝ ይመስላል እንጂ የኢኮኖሚ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሆላንድ ውስጥ ግሮኒንገን በተባለ ቦታ ግዙፍ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። ሲሳይ ነው፤ ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ጋዙ ለውጭ ሲሸጥ የሆላንድ ገንዘብ፣ ጊልደር፣ ተፈላጊ ሆነ። ተፈላጊ ሲሆን ተወደደ። ያኔ የሆላንድ ፋብሪካ ዕቃ ለውጭ ገዢ ዋጋው ናረበት። ገዢው ወደ ሌላ ዞረ፣ ፋብሪካዎች ተዳከሙ። ሆላንድስ ቀድሞም ሀብታም ስለነበረች ቻለችው። ናይጄሪያ ግን ነዳጅ ሲጎርፍላት ኦቾሎኒና የፓልም ዘይት መላኳን ችላ አለች። በ1980ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ክፉኛ ተቸገረች። ኖርዌይ (ብልጥ ናት!) በ1990 ፈንድ (የገንዘብ ማስቀመጫ ቋት) በሕግ አቋቁማ የነዳጅ ገቢዋን ውጭ አገር ሥራ ላይ ታውለዋለች። ዶላሩ በአንዴ አገር ውስጥ ስለማይረጭ ሌላው ኢኮኖሚ መተንፈሻ ያገኛል።