ጂሚ አርምፊልድ፦ በአንድ ማልያ አሥራ ሰባት ዓመት

ጂሚ አርምፊልድ (1935–2018፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጫማውን እስኪሰቅል ድረስ ለእንግሊዙ ብላክፑል ብቻ የተጫወተ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነበር። በሊጉ 568፣ በሁሉም ውድድሮች ደግሞ 627 ጊዜ ተሰልፎ የክለቡን ክብረ ወሰን ይዟል። ከአሥር ዓመት በላይም አምበል ነበር።

የተወለደው ማንቸስተር አጠገብ በምትገኘው ዴንተን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ብላክፑል ተወስዶ እዚያው አደገ። ብላክፑል የሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኞች ለዕረፍት ይጎርፉባት የነበረች የባሕር ዳር ከተማ ናት። በታኅሣሥ 1954 ከፖርትስማውዝ ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ክለቡ ከአገሪቱ ታላላቆች አንዱ ነበር። በ1956 የያኔው ከፍተኛ ሊግ በነበረው በአንደኛ ዲቪዚዮን ከማንቸስተር ዩናይትድ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ብላክፑል ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከዚህ የተሻለ ደረጃ ይዞ አያውቅም።

በዚያው መስመር ከፊቱ የሚጫወተው ዝነኛው ስታንሊ ማቲውስ ነበር። ማቲውስ ኳስ ሲይዝ ተጋጣሚዎች ይከቡታል፤ ከጎኑ ያለው ሜዳም ባዶ ይቀራል። ተከላካይ የመሀሉን መስመር አልፎ መሄድ በማይታሰብበት ዘመን አርምፊልድ በዚያ ክፍተት ሮጦ ይወጣና ያሻማ ነበር። የእኛ ጋዜጠኞች ዛሬ «የመስመር ተመላላሽ» የሚሉትን ሚና በእንግሊዝ ሜዳ ቀድመው ካሳዩት አንዱ እሱ ነው።

ለብሔራዊ ቡድን 43 ጊዜ ተሰልፏል፤ በ15ቱ አምበል ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታው በ1959 በማራካኛ ስታዲየም ከብራዚል ጋር ሲሆን፣ ያውም በማያውቀው የግራ መስመር ተሰልፎ 2ለ0 ተሸነፉ። በ1962ቱ የቺሊ ዓለም ዋንጫ ግን ብዙዎች የዓለም ምርጡ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው አሉት። ከዚያም በ1964 ብሽሽቱ ላይ ክፉኛ ተጎዳና ቦታውን ጆርጅ ኮኸን ወሰደው። በ1966 ወደ ቡድኑ ቢመለስም፣ እንግሊዝ በሜዳዋ ዋንጫውን ስታነሳ አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። ያኔ ሜዳሊያ የተሰጠው በፍጻሜው ለተጫወቱት አሥራ አንዱ ብቻ ነበር። የእሱ ሜዳሊያ የደረሰው በ2009 ነው፤ 43 ዓመት ዘግይቶ።

ስለ ታማኝነቱ ሲነገር የዘመኑን ሕግ መርሳት አይገባም። እስከ 1961 የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው፤ በመጨረሻ በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር። ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ ክለቡ ካልፈቀደለት ሌላ ክለብ መሄድ አይችልም ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን በአንድ ክለብ ያረጀ ሁሉ ወዶ ቆየ ማለት ይከብዳል። የአርምፊልድን ታማኝነት ከፍ አድርጌ የማየው ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው። ጣሪያው ተነሣ፤ በ1963 ተጫዋቹ ጆርጅ ኢስትሃም ፍርድ ቤት ሄዶ የዝውውሩን ሰንሰለት አላላ፤ ሀብታሞቹ ክለቦች እየገዘፉ የብላክፑል ዘመን አለፈ። አርምፊልድ ግን አልተነቃነቀም። ክለቡ በ1967 ሲወርድ አብሮ ወረደ፣ በ1970 አብሮ ተመለሰ፣ በ1971 እንደገና ሲወርድ በሜዳው ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ተጫውቶ ተሰናበተ። በተጫዋችነት ዘመኑ ከክለቡ ጋር ያነሣው ታላቅ ዋንጫ የለም፤ ብላክፑል የኤፍኤ ካፕን የወሰደው እሱ ዋናውን ቡድን ሳይቀላቀል በ1953 ነበር።

በአሠልጣኝነት ቦልተንን በ1973 ከሦስተኛ ዲቪዚዮን አወጣ። ቀጥሎ አሠልጣኙ ብራያን ክላፍ በ44 ቀን የለቀቀውን ሊድስን ተረክቦ በ1975 ለአውሮፓ ዋንጫ (ለዛሬው ቻምፒዮንስ ሊግ) ፍጻሜ አደረሰው፤ ፓሪስ ላይ በባየርን ሙኒክ 2ለ0 ተሸነፈ። ከዚያ ጋዜጠኛ ሆነ፤ የተረጋጋ ድምፁንም የቢቢሲ ሬዲዮ አድማጮች ለዓመታት ሰምተውታል።

በ2011 ከብላክፑል ሜዳ ከብሉምፊልድ ሮድ ስታዲየም ውጭ ሐውልት ቆመለት፤ የስታዲየሙ የደቡብ ትሪቡንም በስሙ ይጠራል። እሱ ግን በእርጅናውም እዚያችው ከተማ ኖረ፤ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይጫወት ነበር።