የጎጃም ኳስ ደጋፊና የሜዳው ድምፅ

በጎጃም ኳስ ሜዳዎች ድጋፍ የሚሰጠው በቅብብል ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አውጪው አስጨፋሪ ይባላል። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ፉጨትና ቩቩዜላ ያጅቡታል። ይህ ልማድ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ እስከ ሞጣ በትንሹም በትልቁም ሜዳ አለ። ባሕር ዳር ዛሬ የአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። በቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ ስለነበረች እዚህ አብራ ተነስታለች።

ከየት መጣ?

የጎጃም ደጋፊ አጨፋፈሩን ከአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋና ሚስማር ተራ ከሚባሉት የደጋፊ መቀመጫዎች ተማረ የሚሉ አሉ። ማሊያ ለብሶ፣ ስካርፍ አስሮ መግባት ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቅብብሉ ግን የቤታችን ነው።

የገና ጨዋታን ማየት ይበቃል። ሁለት ወገን ሆነው ሩሯን፣ ማለትም ትንሿን ኳስ፣ በገና ዱላ ሲያባርሩ ይውላሉ። ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ የተሸነፈውን በግጥም ይነካል። የተነካው ትልቅ ሰው ቢሆንም ይችላታል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። ዛሬ ደጋፊ የተቃራኒውን ተከላካይ ስም እየጠራ ሲያበሽቅ የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ቀረርቶና ፉከራ ነው። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ይነሳል፣ ዙሪያው «ሆ!» ብሎ ያነሳዋል። ሜዳ ላይም ቡድኑ ሊገባ ሲል አንድ ድምፀ መረዋ ብቻውን ያንጎራጉራል። ከዚያ ከበሮው ይገባና ሁሉም ይነሳል።

ሦስተኛው የቃል ጨዋታ ነው። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ አገር ነው። የእኛ ሰው ስም ደግሞ ትርጉም አለው። ስለዚህ አስጨፋሪው የተጫዋቹን ስም ሰምና ወርቅ አድርጎ ሁለት ስንኝ ለመግጠም ብዙ አይቸገርም። ጥሩ ግጥም ከመጀመሪያው አጋማሽ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ደካማው ሁለቴ ተቀብሎ ይጠፋል።

ከበሮና ጥሩምባ

ከበሮው ቆዳ የለበሰ ነው፣ በማንገቻ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ዝናብ ከነካው ቆዳው ይላላና ድምፁ ይደፈናል። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ፀሐይ ላይ ይሰጣል ወይም እሳት ይሞቃል። በክረምት ቆዳ ከበሮ ይዞ መምጣት ጉልበትም ፍቅርም ይጠይቃል። ጥሩምባ ግን ሽማግሌዎችን ደስ አይላቸውም። ጥሩምባ በየሰፈሩ የሞተ ሰው ሲኖር የዕድር ለፋፊ የሚነፋው ነውና። ቩቩዜላ ከ2002 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ወዲህ በዝቷል። ጮክ ይላል፣ ነገር ግን ግጥሙን ያፍናል። በእኔ እምነት አንድ ከበሮ ከሃምሳ ቩቩዜላ ይሻላል።

የባሕር ዳር ስታዲየም ዘመን

ቀድሞ ኳስ በትምህርት ቤት ሜዳና በቀበሌ ውድድር ይታይ ነበር። ነገሩን የቀየረው የባሕር ዳር ስታዲየም ነው። የሚይዘውን ሕዝብ ቁጥር አንዱ 52,000፣ ሌላው 60,000 ይለዋል። በሜዳውና በደጋፊው መካከል የአትሌቲክስ መም አለ። ከላይ ክፍት በመሆኑም ድምፅ ወደ ሰማይ ይበተናል። ተበታትኖ የጮኸ ሰው አይሰማም። አንድ ላይ መቀበል የግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ፣ ብሔራዊ ቡድናችን፣ እዚያ ሌሶቶን 2 ለ 1 አሸነፉ። መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኬንያ ጋር 0 ለ 0 ተለያዩ። ከሁሉም የሚነሳው ግን ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ኮትዲቯር ቀድማ አገባች። ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፣ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ፣ 2 ለ 1 አለቀ። ሱራፌል ያኔ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ተጫዋች ነበር። በሊጉ ባሕር ዳርና ፋሲል ሲገናኙ ማንም ለማንም አይራራም። ያን ቀን ግን የጎንደሩን ልጅ ስም የጣና ዳር ደጋፊ ከፍ አድርጎ ጠራው።

ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን ከተቀላቀለ ወዲህ ሜዳው የሊግ ጭፈራ አገኘ። ክለቡ «የጣና ሞገዶቹ» ይባላል። ደጋፊው በየተራ እየተነሳና እየተቀመጠ ሞገድ ሲሠራ ስሙ ከነትርጉሙ ይታያል።

ችግርም አልጠፋም። በ2010 ዓ.ም. የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እስከ መጫወት ደርሰው ነበር። ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ብዙ ተብሏል። ድንጋይ መወርወርና በብሔር መሳደብ ግን ከገና ጨዋታ ሕግ ውጭ ነው።

ሜዳው ዝም ሲል

በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርት አያሟላም ብሎ አገደው። ዋሊያዎቹ ከጋና ጋር የሜዳቸውን ጨዋታ ያደረጉት ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከነማ በሊጉ ሁለተኛ ወጣ። በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕም የታንዛኒያውን አዛም በፍጹም ቅጣት ምት ጣለ። የሜዳው ጨዋታ ግን አዲስ አበባ ላይ ነበር። ከበሮውም አብሮ ተጓዘ።

ሜዳው ዝም ሲል ጭፈራው ዲኤስቲቪ ቤት ገባ። የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊ ጎን ለጎን ተቀምጦ በአማርኛ ስንኝ ይነካካል። ከበሮ ለማስገባት ቦታ አይበቃም፣ ጠረጴዛ ይመታል። መብራት ሲጠፋ ስልክ ያለው ውጤቱን ያነባል። አንዱ ያወጣል፣ ጨለማ ውስጥ ሌላው ይቀበላል።